«ወላጅ የለኝም በሉ»፦ የሉንግ ኡንግ ጉዳይ

ሉንግ ኡንግ ካምቦዲያዊት ናት። ክመር ሩዥ የተባለው የኮሚኒስት ታጣቂ ቡድን ዋና ከተማዋን ፕኖም ፔንን ሲይዝ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከሥልጣን ሲባረር ገና ዘጠኝ አልሞላትም። በመሀል ባሉት ሦስት ዓመት ከስምንት ወራት ውስጥ አባቷን፣ እናቷን፣ ትልቋን እህቷንና የቤቱን የመጨረሻ ሕፃን አጣች። ዘጠኝ ነበሩ፣ አምስት ቀሩ። አድጋ በ2000 የልጅነቷን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣችው፤ ከዚያ ወዲህም በአደባባይ ስትናገረው ኖራለች። የቤተሰቡን ታሪክ እዚህ የማቀርበው እሷ ራሷ ለዓለም ከተናገረችው ወስጄ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ዘር ማጥፋት ሲወራ ልጆች የሚነሡት ብዙ ጊዜ በቁጥር ነው። ይህን ያህል ወላጅ አልባ፣ ይህን ያህል ተፈናቃይ። ቁጥሩ ያስፈልጋል። ግን «ቤተሰቡን አጣ» ሲባል አንድ ቀን ተጀምሮ ያለቀ ነገር ይመስላል። የሉንግ ጉዳይ እንደዚያ አይደለም። ያጣቻቸው በየተራ ነው፤ አንዷን በበሽታ፣ አንዱን ተወስዶባት፣ አንዷን ደግሞ «ሂጂልኝ» ብላ ካባረረቻት በኋላ። ሁሉም የየራሱን ቁስል ትቶ ሄደ። አንዱንም ደግሞ በወጉ እንድታለቅስ አልተፈቀደላትም።

ሦስት ቀን የተባለው መንገድ

አባቷ ከክመር ሩዥ በፊት በነበረው በሎን ኖል መንግሥት የወታደራዊ ፖሊስ መኮንን ነበር። ሰባት ልጆች፣ መሀል ከተማ ፎቅ ላይ ጥሩ ቤት፣ መኪና፣ የቤት ሠራተኛ። ደህና የሚኖር የከተማ ቤተሰብ። ኤፕሪል 17 ቀን 1975 ጥቁር የለበሱ ወታደሮች በጭነት መኪና ገቡና ሕዝቡን ውጡ አሉት። አሜሪካ ከተማዋን ልትደበድብ ነው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ትመለሳላችሁ ተባለ። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ከሆስፒታል አልጋ የተነሣ በሽተኛ ሳይቀር፣ መንገድ ላይ ፈሰሰ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ ያላቸው ግን የለም።

የሉንግ ቤተሰብ ቤንዚን እስኪያልቅ በመኪና ሄደ፣ ከዚያ በእግሩ ቀጠለ። መንገድ ላይ ለመጸዳዳት ወረቀት ስትጠይቅ እናቷ ያወጣችላት የገንዘብ ኖት ነበር። አዲሱ አገዛዝ ገንዘብን ጨርሶ አስቀርቶት ነበርና ከዚያ በኋላ ለሌላ ነገር አይሆንም። ለአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ስለ አብዮት ማስረዳት ከባድ ነው፤ ትናንት ከረሜላ ይገዛ የነበረ ወረቀት ዛሬ ለዚያ ሲውል ማየት ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ ውሸቱ ጀመረ። አባቷ ወታደሮቹ ፊት ድሃ ሠራተኛ ነኝ አለ። እንዲህ ባይል ያን ቀን ያልቅላቸው ነበር፤ ክመር ሩዥ የድሮውን መንግሥት ሰዎች እያደነ ነበር፣ ሣር ስትነቅል ሥሩንም አብረህ ንቀል የሚል መፈክርም ነበረው። ሚስትና ልጅም አይቅር ማለት ነው። በዚያ ላይ እናቷ የቻይና ዘር ነበረች፤ ቆዳዋ ፈካ ያለ፣ አነጋገሯም የሚያስታውቅ። ልጆቹ ስለ ፕኖም ፔን ምንም እንዳይናገሩ ተነገራቸው። ስለ ቤታቸው፣ ስለ አባታቸው ሥራ፣ ስለ ሲኒማ፣ ስለ ምንም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ገና ማንም አልሞተም። ግን ልጅቷ አንድ ትልቅ ነገር አጥታለች፤ የማን ልጅ እንደሆነች መናገር አትችልም። ከዚያ የሚከብደው ደግሞ፣ የቤተሰቧ ሕይወት በእሷ አፍ ላይ መንጠልጠሉን ታውቃለች። ለአቅመ ትምህርት ያልደረሰ ልጅ እንዲህ ያለ ሸክም ተሸከመ ማለት ነው። በኋላ የመጡት ሞቶች ሁሉ ያረፉት በዚህ ሸክም ላይ ነው።

አንግካር

ቤተሰቡ ከመንደር መንደር ሲንከራተት ቆይቶ ሮ ሊፕ የሚባል መንደር ደረሰ። እዚያ «አንግካር» የሚባል ነገር ነበር፤ ድርጅቱ እንደ ማለት ነው፣ ክመር ሩዥ ራሱን የሚጠራበት። ትምህርት ቤት የለም። ገበያ የለም። መነኮሳት ከገዳም ተባረዋል። ባለ ቀለም ልብስ ክልክል ነው፤ እናቷ ለአዲስ ዓመት የሰፋችላቸው ቀይ ቀሚስ ዓይኗ እያየ ተቃጠለ። ልጆች እናታቸውም አባታቸውም አንግካር እንደሆነ ተነገራቸው፤ ወላጆቻቸውን እንዲሰልሉም ይበረታታሉ።

ሁሉም ሰው እርሻ ላይ ነው። ሩዝ ይመረታል፣ ግን ሠሪዎቹ የሚበሉት ውሃ የበዛበት ገንፎ ነው። ረሃቡ ቤተሰቡን ከውስጥ መብላት ጀመረ። አንድ ወንድሟ ለታናናሾቹ ብሎ ማታ ማታ ከማሳ በቆሎ ይሰርቅ ነበር፤ ተይዞ ክፉኛ ተደበደበ። ሉንግ ራሷ አንድ ሌሊት ቤተሰቡ ለክፉ ቀን ከደበቀው ሩዝ አንድ እፍኝ ሰርቃ በላች።

ይህቺን እፍኝ ሩዝ ብዙ ሰው እንደ ትንሽ ዝርዝር ሊያልፋት ይችላል። እኔ ግን ከጉዳዩ ዋና ነገሮች አንዷ ትመስለኛለች። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሰው በተዳከመ ቁጥር፣ ሰው በሞተ ቁጥር፣ ልጅቷ ያን እፍኝ ታስታውሳለች። ልጅ የሚያየውን ነገር ሁሉ ከራሱ ጋር ያገናኛል። ረሃቡን ያመጣው መንግሥት ሩቅ ነው፣ ፊት የለውም። እፍኙ ግን የእሷ ነው። ገዳዮቹ ባደረጉት ልጅቷ ራሷን ወነጀለች፤ ይህም ጥፋተኝነት ማንም ሳያውቅላት አብሯት አደገ።

የመጀመሪያዋ ሟች ትልቋ እህት ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ወደ ወጣቶች የሥራ ካምፕ ተወሰደች፣ ከወራት በኋላ በ1976 በተቅማጥ ሞተች። እናትየው ደርሳ ነበር የተመለሰችው፤ ሉንግ ግን እህቷን አላየቻትም። ወሬው ነው የደረሰባት። ካምቦዲያ ውስጥ ሰው ሲሞት መነኮሳት ይጠራሉ፣ ሬሳው ይቃጠላል፣ በየዓመቱም ፕቹም ቤን በሚባለው በዓል ለሙታን ምግብ ይቀርባል። ይህ ሁሉ ታግዷል። ስለዚህ ሞቱ አለ፣ ለቅሶው የለም። በማግስቱ ሁሉም ወደ እርሻ ወጣ።

«ነገ ይመለሳል»

ዲሴምበር 1976 ሁለት ወታደሮች ወደ ጎጇቸው መጡ። ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ የበሬ ጋሪ አለ፣ አባትየው መጥቶ ያግዘን አሉ። ነገ ይመለሳል አሉ። አባቷ አውቆታል፣ እናቷም አውቃለች። ልጆቹን አንድ በአንድ አንሥቶ አቀፈ፣ ከወታደሮቹ ጋር ሄደ። አልተመለሰም።

ሬሳ የለም። መርዶ ነጋሪ የለም። ሞተ ያለ ሰው የለም፣ አለ የሚልም የለም። ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት ጠፍተው የቀሩ ወታደሮችን ቤተሰቦች ስታጠና፣ ይህ ዓይነቱ ያልለየለት እጦት ከሌላው ሐዘን እንደሚለይ አሳይታ ነበር። ሰው እርሙን ማውጣት አይችልም። ተስፋ ቢቆርጥ እንደ ክህደት ይሆንበታል፣ ተስፋ ቢያደርግ መኖር አይችልም። ትልቅ ሰው እንኳን በዚህ ይሰበራል። ሉንግ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ሉንግ ያደረገችው ነገር በጣም ይገርመኛል። ያላየችውን ሞት በሐሳቧ ሠራችው። አባቷ እንዴት እንደተወሰደ፣ ምን እንዳየ፣ በመጨረሻ ምን እንዳሰበ፣ ከዓመታት በኋላ በመጽሐፏ ሳይቀር ለብቻው ለይታ ጻፈችው። እውነት ነው አላለችም፤ የምናቤ ነው ብላ ነው ያቀረበችው። አንዳንዶች ይህን የጸሐፊ ስልት አድርገው ያዩታል። እኔ የማየው መሞት ያለበትን ሰው በወጉ ለመሸኘት ሌላ መንገድ ያጣች ልጅ ነው። ቀብር ስላልነበረ ቀብሩን ራሷ ፈጠረችው።

ከአባቷ መወሰድ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ ቁጣ። የክመር ሩዥን መሪ ፖል ፖትን መጥላት ጀመረች። ስሙን እንጂ ፊቱን አታውቅም። ይህ ጥላቻ በኋላ ስትናገር የማትደብቀው ነገር ነው፤ ያኔ እንድትቆም ያደረጋት እሱ ነበር። ይህን ስጽፍ ጥላቻ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ማልቀስ የሚያስገድል በሆነበት ቦታ አንድ ልጅ የሐዘኑን ኃይል የሆነ ቦታ ማድረግ አለበት። እሷ እዚያ አደረገችው።

እናትየው ያደረገችው

በ1977 እናትየው አብረዋት ከነበሩት ልጆች ሦስቱን ጠርታ ከዚህ ሂዱ አለቻቸው። እያንዳንዳችሁ በተለያየ አቅጣጫ ሂዱ። ካምፕ ስትደርሱ ወላጅ የለንም በሉ። ስማችሁን ቀይሩ። ገና ሕፃን የሆነችው የመጨረሻዋ ብቻ ከእሷ ጋር ቀረች። ሉንግ አልሄድም ስትል እናቷ ገፍታ፣ ተቆጥታ አስወጣቻት።

ለእኛ፣ ከውጭ ሆነን ለምናየው፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ቤተሰቡ አንድ ቦታ ከሆነ በአንድ ቀን ያልቃል። ከተበተነ የሆነ ሰው ይተርፋል። እናትየው ልጆቿን ያዳነችው በዚህ ነው፣ ልክም ነበረች። ልጅቷ ግን ያየችው ሌላ ነው። እናቴ አልፈለገችኝም። አባቴ ቢኖር ይህን አያደርግም ነበር። ለብዙ ጊዜ እናቷን ደካማ አድርጋ ነበር የምታስባት፤ ያ ቀን ምን እንደነበረ የገባት አድጋ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም ለንደን ውስጥ የጦርነት ሕፃናት ማቆያ ነበራቸው። ከቦምቡ ይልቅ ከእናት መለየቱ ልጆቹን ይበልጥ እንደሚያናጋቸው ያዩት እዚያ ነው። የሉንግ ጉዳይ ይህን ያጠነክራል፣ አንድ ነገርም ይጨምርበታል። መለየቱ ራሱ መዳኛው ሊሆን ይችላል፣ ልጁም መዳኛው እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ያኔ ሁለቱ ነገሮች፣ የእናት ፍቅርና የእናት መግፋት፣ አንድ ላይ ታስረው ይቀራሉ።

ሉንግ ከቅርብ እህቷ ጋር አልተለያየችም፤ የእናታቸውን ትእዛዝ በዚህ ጣሱ። አንድ የሕፃናት ካምፕ ገቡና ወላጅ የለንም አሉ። በኋላ ሉንግ ለብቻዋ ተመርጣ ሕፃናት ወታደሮች ወደሚሠለጥኑበት ካምፕ ተወሰደች። ያን ሁሉ የያዘችውን ቁጣ አገዛዙ ራሱ መሣሪያ ሊያደርገው ነበር።

ኖቬምበር 1978 ከካምፑ ወጥታ እናቷን ለማየት ወደ ሮ ሊፕ ሄደች። ጎጆው ባዶ ነበር። እናቷና ሕፃኗ በወታደሮች እንደተወሰዱ የነገረቻት አንዲት ጎረቤት ናት። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከትዝታዋ የሉም። እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ ጃንዋሪ 1979፣ የቬትናም ጦር ገብቶ አገዛዙን ገረሰሰው። ይህን ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል፤ እናትየው ጥቂት ሳምንታት ቢሰጧት ኖሮ...

ከተረፉ በኋላ

አምስቱ ወንድምና እህቶች ተገናኙ። ግን መዳን ራሱ ሌላ መለያየት ይዞ መጣ። ትልቁ ወንድም ከአገር ለመውጣት ሲወስን ገንዘቡ የሚበቃው ለጥቂት ሰው ነበር። ከሚስቱ ጋር ሉንግን ብቻ ይዞ ወጣ። መጀመሪያ ወደ ቬትናም፣ ከዚያ በጀልባ ወደ ታይላንድ የስደተኞች ካምፕ፣ ጁን 1980 ደግሞ አሜሪካ፣ ቨርሞንት። ያኔ እስከ ሕፃናቱ ካምፕ ድረስ አብራት የሄደችው እህቷ ካምቦዲያ ቀረች። እስኪገናኙ አሥራ አምስት ዓመት አለፈ።

አሜሪካ እንደደረሰች በነፃነት ቀን የሚተኮሰው ርችት ጦርነት መስሏት ተሸበረች። ትምህርት ቤት ገባች፣ ቋንቋ ለመደች፣ እንደ ሌሎቹ ልጆች ለመሆን ታገለች። ስለ ካምቦዲያ ማሰብ አልፈለገችም። ቤት ውስጥም ስለ ሞቱት ብዙ አይወራም ነበር፤ ወንድሟ ከሥራ ሥራ እየሮጠ እቤት ያሉትንም ካምቦዲያ የቀሩትንም ለመርዳት ይለፋ ነበር።

በ1986 የወጣ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ኦሪገን ግዛት ውስጥ ዴቪድ ኪንዚ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በልጅነታቸው በክመር ሩዥ ካምፖች ያለፉ 40 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መረመረ። ግማሾቹ ካምቦዲያን ከለቀቁ ከአራት ዓመት በኋላም የከባድ ድንጋጤ ሕመም ነበረባቸው። ከቤተሰባቸው አንድ ሰው እንኳን አጠገባቸው ያለ ልጆች ይሻሉ ነበር፤ ለብቻቸው ወይም ከባዕድ ቤተሰብ ጋር የሚኖሩት የባሰ ተጎድተው ነበር። የሉንግ ወንድም ይዟት መውጣቱ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ከዚህ ይታያል። የቀረችው እህት ጉዳይም በዚያው ልክ ያሳስባል፤ እሷ ግን ዘመድ መሀል ቀረች፣ ቋንቋዋና መንደሯ አልተወሰደባትም፣ ትዳር ያዘች፣ ልጆች ወለደች። ማን ይበልጥ ተጎዳ የሚለውን መመዘን የሚቻል አይመስለኝም።

በ1995 ሉንግ ካምቦዲያ ተመለሰች። ለመንገድ እንዲመቻት ጥቁርና ሰፋ ያለ ልብስ ለብሳ ነበር፤ ሊቀበሏት የወጡት ዘመዶቿ ክመር ሩዥ መስላ ታየቻቸው። በዚያው ጉዞ ከዘመዶቿ ሀያ ያህሉ እንዳለቁ ሰማች። ከዚያ በኋላ ነው ፈንጂ እንዲታገድ በሚሠራው ዘመቻ ውስጥ የገባችው፣ መጽሐፉንም የጻፈችው።

አንዳንድ ካምቦዲያውያን አንባቢዎች የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ እንዴት ታስታውሳለች ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀኑ፣ ቅደም ተከተሉ፣ ማን ምን አለ የሚለው፣ ከወንድሞቿ ከሰማችው ጋር ሳይደባለቅ አይቀርም። ለፍርድ ቤት ማስረጃ ቢሆን በጥንቃቄ መመዘን ነበረበት። እኔ የምጠቀምበት ግን ልጅቷ ነገሩን ምን አድርጋ እንደተረዳችው ለማወቅ ነው፤ ለዚያ ከእሷ የተሻለ ምስክር የለም።

በሕግ በኩል ነገሩ እንዲህ ሆነ። ከስምንት ሚሊዮን ከማይሞላ ሕዝብ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን እንደሞተ ይገመታል። ፖል ፖት በ1998 ለዓለም አቀፍ ፍርድ ሳይቀርብ ሞተ። በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የተቋቋመው ችሎት ሦስት ሰዎች ላይ ብቻ ፈረደ። የዘር ማጥፋት የሚለው ፍርድ የተሰጠው ኖቬምበር 16 ቀን 2018 ሲሆን፣ የክመር ሩዥ መሪዎች የነበሩት ኑዎን ቺያና ኪዩ ሳምፋን በቬትናማውያን ላይ፣ ኑዎን ቺያ ደግሞ በቻም ሙስሊሞችም ላይ በፈጸሙት ነው። የድሮ ሹሞችና የከተማ ሰዎች ግድያ በ1948ቱ የዘር ማጥፋት ስምምነት ትርጉም ውስጥ ስላልገባ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ተባለ። ሕጉ መለየቱን እረዳለሁ። ልጅቷ ጋ ግን ሁለቱም በአንድ በር ነው የገቡት።

ከጦርነትና ከጭፍጨፋ የተረፉ ልጆችን ለሚቀበሉ ሰዎች ከዚህ ጉዳይ የሚወጣ አንድ ሥራ አለ። ካምፕ በር ላይ ልጅ ሲመዘገብ «ወላጅ አለህ? ወንድም፣ እህት አለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ልጁ የለኝም ይላል። መልሱ ይጻፋል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ሉንግም እንዲህ ብላ ነበር፤ እናቷ በሕይወት እያለች፣ እናቷ ራሷ አስተምራት። ስለዚህ ጥያቄው አንዴ ተጠይቆ መቅረት የለበትም። ልጁ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ሰውየውን ትንሽ ከለመደ በኋላ ሌላ ቀን እንደገና ይጠየቅ፣ ከሳምንታት በኋላም እንደገና። ስሙንም ቀይሮ ሊሆን ይችላልና ቤት ውስጥ ምን ብለው እንደሚጠሩት ይጠየቅ። አብሮት የመጣ ሌላ ልጅ ካለ ደግሞ እህት ወይም ወንድም መሆኑ እስኪጣራ ድረስ ወደ ተለያየ ድንኳን አይላኩ።